ያልተጠራ ወላጅ

ካልጋሪ፣ ሰኔ 16 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጋሼ መኳንንት፣

እርስዎም እማዬም ደህና ናችሁ ብዬ ልጀምር። እኛ ደህና ነን። ሌላ ጊዜ ሰላምታዬ ብቻ አንድ ገጽ ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ደክሞኛልና አጭሩን እንደ ረጅሙ ይቁጠሩልኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን የሺዋስ ለማታው የታክሲ ሥራ እንዲበረታ ተኝቷል። ናሆሚ ከፊቴ ተቀምጣ የሂሳብ መጽሐፍ ገልጣለች፤ ታንብበው አታንብበው አላውቅም። ውጭ በረዶ እየወረደ የጎረቤታችንን መኪና ይደበድባል። ሰኔ መሆኑ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጡልዎ ጌዲዮንና ባለቤቱ ናቸው። ጌዲዮንን አይረሱትም፤ ፍቼ እርስዎ ዳይሬክተር በነበሩበት ትምህርት ቤት የተማረው የፊታውራሪ ገረመው ልጅ ነው። እዚህ የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲስ ነው። እኛ ያለንበት ፋልከንሪጅ ለአውሮፕላን ማረፊያው የቀረበ ሰፈር ነው፤ እነሱ ከተማውን አቋርጠው ደቡብ ምዕራብ፣ ተራራው የሚታይበት በኩል ነው የሚኖሩት። ሐሙስ ይነሳሉ። እርስዎን ሳያይ እንደማይመለስ ነግሮኛል። "ሂሳብ የገባኝ በጋሽ መኳንንት ነው" እያለ ሁልጊዜ ያነሳዎታል። ደብዳቤውን በፕላስተር አሽገዋለሁ፤ ከፍቶ ቢያነበውም ግን የሚያስቀይመው ነገር ያለበት አይመስለኝም።

ሰማያዊው ሹራብ የእማዬ ነው። ቁልፉ ትልልቅ የሆነው በእጇ ዳብሳ እንድታገኘው ብዬ ነው። ጠብታው ለዓይኗ ነው፤ ጠዋትና ማታ ይደረግላት፤ ከተከፈተ በኋላ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ጫማው የእርስዎ ነው። ቁጥሩን በግምት ነው የገዛነው፤ ከጠበበዎ ለሚሆነው ሰው ይስጡት።

ከዕቃው ጋር እኛም እንመጣለን ብለን ነበር። አንመጣም።

ይህን ቃል ከላይ ጽፌ ለመገላገል ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ለፋሲካ በጻፉልኝ ደብዳቤ "እማዬ እየደከመች ነው፤ ዓይኗም ጥላ እንጂ ሰው አይለይም፤ ቶሎ ድረሱላት" ብለዋል። ዝቅ ብለው ደግሞ "ናሆሚስ? ከዚህ ቤት አንድ ሐኪም ካልወጣ አንሞትም ብለናል" ይላሉ። ሁለቱን ባንድ ገጽ ላይ ሲጽፉ አንዱ ሌላውን እንደሚያስቀረው አላወቁም። እኔም አላወቅኩም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ልጆች ዘጠነኛን ሲጨርሱ ትምህርቱ መንገድ ይለያል። ሂሳቡ ለምሳሌ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው አስር ይባላል፤ የማይወስደው አስራ ሦስት ይባላል። አስራ ሦስት የገባ ልጅ አይወድቅም፤ በደህና ይጨርሳል፤ ካፕና ጋውን ለብሶ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ነው በሩ ዝግ መሆኑን የሚያየው። ናሆሚን አስራ ሦስት መደቧት። የሚፈረም ወረቀት መጣ፤ የሺዋስ ፈረመ። እንዲያውም ደስ ብሎት፣ "አስራ ሦስት ከአስር አይበልጥም እንዴ? አሳልፈዋት ነው" አለ። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። 

ይህ እንግዲህ ድንገት የመጣ አይደለም። እዚህ ከገባን ጀምሮ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠን አናውቅም። በየጊዜው "ወላጆች መጥተው አስተማሪዎችን ያነጋግሩ" የሚል ወረቀት ታመጣ ነበር። መጀመሪያ ያመጣች ለት ደሜ ፈላ።

"ምን አጠፋሽ?" አልኳት።

"ምንም።"

"ምንም ካላጠፋሽ ለምን ይጠሩኛል?"

"ሁሉንም ነው የሚጠሩት፣ ማሚ።"

"ሁሉም ቢያጠፋ ነዋ።"

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ስታመጣ አትከራከረኝም፤ ማቀዝቀዣው ላይ ትለጥፈዋለች፤ ቀኑ ሲያልፍ ታነሳዋለች። እርስዎ ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል። ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ ፊቱ አመድ መስሎ ነው ቤቱ የሚገባው። አባቱም ቀበቶውን እያጠበቀ ነው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው። እኛ በስማችን እስካልተጠራን ድረስ ልጃችን ጨዋ ናት ብለን ኮርተን ተቀመጥን። የምሠራበት ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ዓይሻ የምትባል የድሬዳዋ ሰው አለች፤ አንሶላውን በማሽን የምንተኩሰው ሁለታችን ነን። እሷ ባንድ ጫፍ፣ እኔ ባንድ ጫፍ ይዘን እየዘረጋን፣ "አንድ ቀን ተጠርቼ አላውቅም" እላታለሁ። "ማሻአላህ" ትለኛለች። "የኔው ሱፍያን ሳያስጠራኝ ወር አያልፍም። ዳይሬክተሩ ከባሌ ይልቅ እኔን ያውቀኛል።" እንስቃለን። አሁን ሳየው የዓይሻ ልጅ ነው የተሻለው፤ ቢያንስ እናቱን ያውቋታል።

በግንቦት መጨረሻ ጌዲዮን ከቤተ ክርስቲያን የምንገናኘውን ጥቂት ሰዎች ቤቱ ጠራን። ልጁ ቢታንያ ከናሆሚ ጋር እኩያ ናት፤ ትምህርት ቤታቸው ቢለያይም ዘጠነኛን አብረው ነው የሚጨርሱት። ሁለቱ ልጆች በስልክ ጓደኛሞች ናቸው። ናሆሚ ስልኩን አንዴ ከያዘች አትለቀውም፤ እኔ ስቆጣ፣ "ሆምወርክ ነው" ትለኛለች። ውሸቷን ነው እያልኩ ስልኩን እነቅለው ነበር።

ምሳ ተበልቶ ሴቶቹ ወጥ ቤት ሳህን እያነሳን፣ ቢታንያ ከማቀዝቀዣው ለስላሳ እያወጣች ናሆሚን ጠየቀቻት።

"በመስከረም ማት ቴን ከጠዋቱ ነው ከከሰዓቱ የምትወስጂው?"

"እኔ ሰርቲን ነኝ" አለች ናሆሚ።

"ሻት አፕ።"

"ሲሪየስሊ።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የምታስተምሪኝ?" ቢታንያ ወደኔ ዞረች። "እትዬ ተናኘ፣ እሷ እኮ ናት በስልክ ሁሉንም የምታስረዳኝ። እኔ ቴን ገብቼ እሷ እንዴት ሰርቲን ትሆናለች? ዳዲ!"

ጌዲዮን ከሳሎን መጣ፤ የሺዋስም ብርጭቆውን እንደያዘ ተከተለው። ልጅቷ በእንግሊዝኛ አስረዳችው። ጌዲዮን ሰማና የሺዋስን ጠየቀው።

"ሄዳችሁ አነጋገራችኋቸው?"

"ማን ጠርቶን?" አለ የሺዋስ።

ጌዲዮን ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። የሺዋስ አለመሳቁን ሲያይ ተወው።

"የኔዋንም አስራ ሦስት ብለዋት ነበር" አለ። "ሄድኩና አይሆንም አልኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስጠናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀጠርኩ። አለቀ።"

"አይሆንም ይባላል?"

"ታዲያ ምን ይባላል?"

"አስተማሪ እኮ ነው ያለው።"

"አስተማሪ ስለሆነ ነዋ የሚነገረው፣ የሺ። እነሱ ልጅህን ከሌላው ልጅ ጋር ነው የሚያዩዋት። ሄደህ ካልነገርካቸው ማን ይነግራቸዋል? እናንተ አሁንም እንደ አገር ቤት..." ባለቤቱ በዓይኗ ጠቀሰችውና ንግግሩን በለስላሳ ዋጠው።

በመኪና ስንመለስ፣ ሰፈራችን ልንደርስ ስንል የሺዋስ፣ "ሰውዬው ሲያወራው እንዴት ይቀላል" አለ።

"ለሱ ቀላል ነው" አልኩት።

ናሆሚ ከኋላ ሆና፣ "ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ" አለች። "ጓደኞቼም እዚያ ናቸው። የኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ ሰርቲን ነው።"

"ሁሉም?"

"ኦልሞስት።"

ልታጽናናኝ ነበር የተናገረችው። ያን ሌሊት ግን የከበደኝ ይኸው ቃሏ ነው።

ማግስቱን የሺዋስን፣ ትምህርት ቤት እንሂድ ብለው እምቢ አለኝ። "ፈርሜያለሁ። የፈረምኩትን ልበላ ሰው ፊት አልቆምም" አለ። ባሌ መጥፎ ሰው እንዳልሆነ ያውቃሉ። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የሚጎዳንም እሱው ነው። ስለዚህ ሺፍቴን ከዓይሻ ጋር ተለዋውጬ ብቻዬን ሄድኩ። ብቻዬን ስል፣ ናሆሚን ለአስተርጓሚነት ይዤ ማለቴ ነው። ከበሩ ስንደርስ ልጅቷ ከኔ ትንሽ ራቅ ብላ ትራመዳለች። የሥራ ልብሴን ባለመቀየሬ ይሆናል። ወይም ሌሎቹ ልጆች እናቷ ተጠርታ የመጣች መስሏቸው እንዳይስቁባት ይሆናል። አልጠየቅኳትም።

አማካሪ የሚሏት ሴትዮ ተቀበለችን። ሸበቶ ናት፤ ፈገግታዋ ከልቧ ነው። ከጠረጴዛዋ ተነስታ ወንበር ሳበችልኝ። ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ገና ምንም ሳንናገር፣ "ቤት ውስጥ ችግር አለ?" ብላ ጠየቀች። ለክስ የመጣሁ መስሏት እንደሆነ አላውቅም። ናሆሚ ነገሩን አስረዳቻት። ሴትዮዋ ዘለግ ያለ ነገር ተናገረች፤ ረጋ ብላ፣ እኔን እያየች። ናሆሚ አጭር አድርጋ ተረጎመችልኝ።

"ሥራ ስለሚበዛባችሁ፣ እኔ እንዳልጨናነቅ ብለው ነው።"

ጋሼ፣ እንግሊዝኛዬ የላውንደሪ እንግሊዝኛ ነው። ሰፖርት የሚለውን ቃል ግን አውቀዋለሁ። አንሶላ ስናነሳ ወገባችንን እንዳያመን የምናስረውን ሰፊ ቀበቶ ሱፐርቫይዘሯ እንደዚያ ብላ ነው የምትጠራው፤ "ሰፖርትሽን አሰርሽ?" ትለኛለች በየጠዋቱ። ሴትዮዋ፣ ይህች ልጅ ቤት ውስጥ ሰፖርት፣ የሚደግፋት ሰው፣ የላትም ነው ያለችው።

"ምን አለች?" አልኳት ናሆሚን።

"ያልኩሽን።"

"ሰፖርት ያለችውስ?"

ናሆሚ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ሁለት ዓይነት ነገር ነበር የተደበቀብኝ፤ አንዱ እነሱ ስለኛ የሚያስቡት፣ ሌላው ልጄ ይህንን ከድሮም ታውቀው እንደነበረ። በዚያችው በምችላት እንግሊዝኛ ለሴትዮዋ ራሴ ነገርኳት። ልጄ እናት አላት፤ አባት አላት፤ ያልመጣነው ስላልጠራችሁን ነው አልኳት። እሷ ደግሞ በትሕትና፣ በየዓመቱ ጠርተናችኋል አለችኝ።  ጥሪ ለኛ ምን ማለት እንደሆነ፣ ፍቼን፣ የእርስዎን ቢሮ፣ ከደጃፉ አመድ መስሎ የሚቆመውን ልጅ፣ ለዚህች ደግ ሴትዮ በምን ቃል ልንገራት?  ዝም ስል ደግሞ አልገባትም ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችልኝ።

በመጨረሻ ግን አንድ መንገድ አለ አለች። በሐምሌያቸው፣ ማለትም ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ፣ ወሩን ሙሉ የሚሰጥ የሂሳብ ትምህርት አለ። ናሆሚ ሳታጓድል ከተማረችና መጨረሻ ላይ ጥሩ ካመጣች፣ በመስከረም አስሩ ሂሳብ ውስጥ ትገባለች። ካላመጣች ባለችበት ትቀራለች። በነሐሴ የለም። በሚቀጥለው ዓመትም ይቻላል ግን ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ዓመት ይዘገያል፤ ከዚህ ሰፈር ዘግይቶ የተመለሰ ብዙ ልጅ አላየሁም አለች። ይህንን እንኳን ሳይተረጎምልኝ ገብቶኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ናሆሚ፣ "ኢትዮጵያስ?" አለችኝ።

"እንግዲህ።"

"አያቴስ? ማሚ፣ ፕሮሚስ አድርገሽላታል።"

ልጅቷ ለዚህ ጉዞ ስንት ወር ስትዘጋጅ ነበር። "እንደምን ሰነበቱ እማማ፣ እኔ ናሆሚ ነኝ፣ የተናኘ ልጅ" የሚለውን መስታወት ፊት ቆማ ታጠናዋለች፤ "ሰነበቱ" ላይ ሁሌ ትደናቀፋለች። እማዬ ስለማታይ በድምፄ ነው የምታውቀኝ ብላ ነው። አውቶቡሱ ላይ ደግሞ እጄን ይዛ፣ "ሰርቲን ይሁንልኝ። ሪሊ፣ አይ ዶንት ኬር። እንሂድ" አለችኝ። እውነቷን ይሁን ለኔ ብላ ይሁን መለየት አልቻልኩም። ይህ ነው ከሁሉ ያደከመኝ። ልጄ ስታዝንልኝና ስትዋሸኝ ድምጿ አንድ ሆኗል።

የሺዋስ፣ "አንቺ ሂጂ፤ እኔ እይዛታለሁ" አለኝ።

"አንተ ሌሊት ነድተህ ጠዋት ገብተህ ነው የምትተኛ።"

"እንቅልፌን እተዋለሁ።"

"የሌለህን?"

ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ በዚያው ቀረ። እኔ ሄጄ እሷ እዚህ ብቻዋን ቁርሷን በልታ፣ ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ተመልሳ ባዶ ቤት ብትገባ፣ ሴትዮዋ ስለኛ ያለችው እውነት ሆነ ማለት ነው። ይህን አልፈልግም። ሂሳቡን እንደማላውቅላት አውቃለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ ካልሲ መጣፍ ግን አያቅተኝም። ዛሬ ይኸው እሷ መጽሐፏን ይዛ እኔ ደብዳቤ እየጻፍኩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነን። ቀና ብላ "ለማን ነው?" አለችኝ። ለአጎትሽ ስላት፣ "ሶሪ በይልኝ" አለች።

ቲኬቱን መልሰናል። ሆቴሉ በከተማው ትልቅ በዓል፣ በስታምፒድ ጊዜ ፈቃድ አይሰጥም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ፈቃድ ለምኜ ነበር ያገኘሁት። ለነሐሴ ይዙርልኝ ብዬ ብጠይቅ ሱፐርቫይዘሯ፣ "የሰጠሁሽን መለስሽ እኮ" አለች። ከሷ ጋር አልተከራከርኩም። የዘንድሮውን ክርክሬን ትምህርት ቤት ጨርሼዋለሁ። ስለዚህ መቼ እንደምንመጣ አላውቅም። ቢያንስ ዘንድሮ አይደለም።

ጌዲዮን ክፉ ሰው አይደለም። መቅረታችንን ሲሰማ ዕቃችሁን አደርሳለሁ ብሎ ራሱ ደወለ። ቢታንያ ቅዳሜ ቅዳሜዋን ስታጠና ከረመች፤ አሁን ደግሞ አገሯን ልታይ ትሄዳለች። ናሆሚ ለአያቷ ልትሰጣት የገዛችውን ሻርፕ ሰጥታታለች፤ እንድታደርስላት። ቢታንያ ከእማዬ እጅ ላይ ስታኖረው እባክዎ ከጎኗ ሆነው፣ ይህቺ ናሆሚ አይደለችም፣ የላከችው ናሆሚ ናት ብለው ያስረዷት። እማዬ ድምፅ ሰምታ እንዳትሳሳት።

ሰሞኑን ፍቼ ከፊቴ አልሄድ ብላለች። ማሽኑ ሲጮህ፣ አንሶላው ሲዘረጋ፣ እኔ እዚያ ነኝ። ፊታውራሪ ገረመው በላንድሮቨራቸው ሲመጡ ያስታውሳሉ? ማንም ጠርቷቸው አያውቅም። መኪናው ገና በር ሲደርስ ዘበኛው ይሮጣል፤ እርስዎም ወንበር ራስዎ ያወጡላቸዋል። ጌዲዮን ሰባተኛ ክፍል ሂሳብ ከብዶት ነበር። እርሳቸው አንድ ቀን መጥተው ተቀምጠው ከእርስዎ ጋር ሻይ ጠጡ፤ ክረምቱን ሙሉ ጌዲዮን ቤታችን እየመጣ አስጠኑት። ቆሎውን የማቀርብላችሁ እኔ ነበርኩ። ጥሩ አስተማሪ እንደነበሩ አሁንም ይመሰክራል፤ ነዳጁንም ከምድር እያወጣ ያለው በዚያው ሂሳብ ነው።

እኔ ሚኒስትሪ ያለፍኩ ዓመት ደግሞ፣ "ቤቱ የሚችለው አንድ ሰው ማስተማር ነው፤ ወንድምሽ አምላኩ ይቀጥል፤ ለተናኘ ታይፕ ይበቃታል" አሉ። እጅዎን ስሜ አመሰገንኩ። ታይፑ አብልቶኛል፤ ካርቱም ላይ የየሺዋስንም የኔንም ቀለብ ያወጣ እሱ ነው። ይህን መቼም አልክድም።

ብቻ አንድ ነገር አለ፤ የሚኒስትሪ ካርዴን ልቀበል ከልጆቹ ጋር ባንዲራው ሥር ቆሜ ያየሁት። እማዬ መጣች። አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተቀብታ። ትምህርት ቤት ስትመጣ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። ማንም አልጠራትም። ሰው ሳታናግር ቢሮዎ ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ብዙ ተቀመጠች። እርስዎ ወጡና፣ "እማዬ፣ ማን ጠራሽ? ሰው እያየ ነው፤ ቤት ግቢ" አሏት። ድምፅዎ ቁጣ አልነበረበትም። ተነሳች፤ ከነጠላዋ አቧራውን አራገፈች፤ ሄደች። ባጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም፤ ወይም ያላየች መሰለች። ማታ ራት ስታቀርብ ስለሱ አልተነፈሰችም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ አፍሬባት ነበር መሰለኝ።

አሁን እንግዲህ የምለምንዎትን ልበል። አለመምጣታችንን ሲነግሯት፣ ሥራ አልለቃቸው ብሎ ነው አይበሏት። "ተናኘ ሳትጠራ ወደ ልጇ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ወንበር ሳቡላት" ይበሏት። ከዚያ አጠገቧ ይቀመጡና፣ ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ምን ልትነግርዎ እንደመጣች ይጠይቁልኝ። ቶሎ ይጠይቋት። ዓይኗ እንጂ ሐሳቧ ደህና ነው ብለውኛል። ያለችውን እንዳለችው፣ ሳያሳጥሩ፣ ይጻፉልኝ።

ለርስዎ ጤናውን፣ ለእማዬ ዕድሜውን፣ ለናሆሚ ይህን አንድ ወር ፈጣሪ ይስጥልኝ።

እህትዎ
ተናኘወርቅ